በየጠዋቱ የሚጠይቀው አማካሪ

ቴሲስ ላይ ያለ ጓደኛ ካላችሁ አንድ ምክር ልስጣችሁ፦ ጽሑፉ የት እንደደረሰ አትጠይቁት። ፊቱ ወዲያው ይቀያየራል። ኮርሱን በጥሩ ውጤት ጨርሷል፣ ፕሮፖዛሉም አልፏል። ከዚያ በኋላ ግን ክፍል የለም፣ ፈተና የለም፣ ዛሬ ምን ሠራህ የሚለው ሰው የለም። ምዕራፍ ሁለትን ለአማካሪው በኢሜይል ከላከ ወራት አልፈዋል። እንዳይደውል መጨቅጨቅ ይሆንበታል፣ ዝም እንዳይል ጊዜው እየሄደ ነው። ዘመድ ደግሞ መቼ ነው የምትመረቀው እያለ ይጠይቃል።

ብዙዎቻችን ይሄን ነገር የምንቆጥረው እንደ ግል ስንፍና ነው። እኔ ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ይሁን አላውቅም፣ አንድ ችግር በብዙ ሰው ላይ በተመሳሳይ መንገድ ሲደርስ ሳይ ከሰዎቹ በፊት አሠራሩን መጠርጠር ይቀናኛል። ጥሩ ተማሪ የነበረ ሰው ሁሉ ቴሲስ ላይ ሲደርስ በአንድ ጊዜ ሰነፍ ሊሆን አይችልም።

የጀርመን የኬሚካል ኢንዱስትሪ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንዴት ዓለምን እንደቀደመ ሳነብ አንድ ስም እየተመላለሰ ይመጣብኝ ነበር፦ ዩስቱስ ሊቢግ። ኬሚስትሪ የተማራችሁ ስሙን ሳትሰሙ አትቀሩም። እኔን የገረመኝ ግን ያገኘው ውህድ ወይም የጻፈው መጽሐፍ አይደለም። ይሄ ሰው ለጥናትና ምርምር ተማሪ ምን እንደሚያስፈልገው ከማንም ቀድሞ በተግባር ያሳየ መምህር መሆኑ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሳይንስ ድህረ ምረቃ ተማሪ በአንድ ላብራቶሪ፣ በአንድ አማካሪ ሥር፣ የራሱን ጥያቄ ይዞ የሚሠራበት ልማድ በአብዛኛው ከእሱ ቤት ወጥቶ የተሰራጨ ነው። እስቲ ታሪኩን ከመነሻው እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የቀለም ነጋዴው ልጅ

ሊቢግ የተወለደው በ1803 ዳርምሽታት በምትባል የጀርመን ከተማ ነው። ያኔ ጀርመን አንድ አገር አልሆነችም። ዳርምሽታት የሄሰን መስፍን መቀመጫ ነበረች። አባቱ ቀለም፣ ቫርኒሽ፣ ልዩ ልዩ ዱቄትና መድኃኒት ይነግድ ነበር። ዕቃውንም በትንሽ የጓሮ ወርክሾፕ ራሱ ይቀምማል። ልጁ እዚያ ነው ያደገው። ከመስፍኑ ቤተ መጻሕፍት የኬሚስትሪ መጽሐፍ እየተዋሰ ያነባል፣ ያነበበውንም እቤት ይሞክራል። ገበያ ላይ አንድ አዟሪ የሚፈነዳ መጫወቻ ሲሠራ አይቶ፣ እሱም ያንኑ ፈንጂ ዱቄት መሥራት ለመደ።

ትምህርት ቤት ግን አልሆነለትም። በዚያ ዘመን ትምህርት ማለት ላቲንና ግሪክ መሸምደድ ነበር፣ እሱ ደግሞ ለሽምደዳ አልተፈጠረም። አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ስታድግ ምን ትሆናለህ ብሎ ቢጠይቀው ኬሚስት እሆናለሁ አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሊቢግ ራሱ በስተርጅና ይሄን አልረሳውም። ኬሚስትሪ በዚያን ጊዜ ሙያ ሆኖ እንጀራ ይሰጣል ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረምና አይፈረድባቸውም።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው፣ በ1816፣ በአውሮፓ በጋው ጠፋ። ኢንዶኔዥያ ውስጥ የፈነዳ እሳተ ገሞራ ሰማዩን ሸፍኖት ሰብሉ ሳይደርስ ቀረ፣ ብዙ ሰው ተራበ። ይሄንን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ስለ እርሻ ስናወራ እንመለስበታለን።

አባቱ ሄፐንሃይም ወደሚባል ከተማ ወስዶ መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ተለማማጅ አድርጎ አስቀጠረው። ወራት እንጂ አልቆየም። ጣሪያ የሚያነሳ ፍንዳታ አድርሶ ተባረረ የሚል ወሬ አለ፤ የሕይወት ታሪኩን ያጠኑ ሰዎች ግን አባቱ ክፍያውን መቀጠል አቅቶት ነው ይላሉ። ፍንዳታው ለወሬ ያምራል፣ ገንዘብ ማጣቱ ደግሞ ለእውነት ይቀርባል።

ቃሉን ያልጠበቀ አማካሪ

ቀጥሎ ወደ ቦን ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ካስትነር በሚባል የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሥር መማር ጀመረ። ካስትነር ወደ ኤርላንገን ሲዛወር ሊቢግም ተከትሎት ሄደ። የተከተለው በአንድ ተስፋ ነው፦ ፕሮፌሰሩ የማዕድን ትንተና አብረን እንሠራለን ብሎ ቃል ገብቶለት ነበር።

ኤርላንገን ሲደርስ ነገሩ ሌላ ሆነ። ፕሮፌሰሩ ትንተናውን ራሱም አያውቀውም። ንግግሩ የተዋበ ነው፣ ፍልስፍናው ሰፊ ነው፣ ሚዛንና ጠርሙስ ላይ ግን የለበትም። ሊቢግ ይሄን እስከ ዕድሜው መጨረሻ በምሬት ያስታውሰው ነበር። የማያውቀውን ነገር አስተምራለሁ የሚል አማካሪ የተማሪን ዕድሜ እንዴት እንደሚበላ የተማረው በራሱ ሕይወት ላይ ነው።

ይሁንና ፍርዳችን ሚዛናዊ ይሁን። ያው ካስትነር ነው ለሄሰን መስፍን ስለዚህ ልጅ የጻፈው። በዚያ ደብዳቤ ምክንያት መስፍኑ ወጪውን ችሎ በ1822 ወደ ፓሪስ ላከው። ጊዜው ደግሞ ደግ ነበር፤ ሊቢግ ኤርላንገን ላይ የተማሪዎች ግርግር ውስጥ ገብቶ ከፖሊስ ጋር መጋጨት ጀምሮ ነበር። እና ሌላ የሚያስገርም ነገር ልንገራችሁ፦ የዶክትሬት ዲግሪውን የሰጠው ኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ ነው፣ በ1823፣ እሱ ፓሪስ ተቀምጦ ሳለ። ዘመናዊውን የተመራማሪ ሥልጠና የፈጠረው ሰው የራሱን ዶክትሬት ያገኘው በሌለበት ነው ማለት ነው።

ፓሪስ ያኔ የዓለም የሳይንስ ዋና ከተማ ነበረች። ሊቢግ ያንን የልጅነቱን ፈንጂ ዱቄት ጉዳይ ወደ ቁም ነገር ለውጦ ስለ እሱ ያጠናውን ጽሑፍ ለሳይንስ አካዳሚው አቀረበ። ስብሰባው አብቅቶ ዕቃውን ሲሰበስብ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ስለ ሥራውና ስለ ዕቅዱ ይጠይቀው ጀመር። ሰውየው አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ነበር፤ በአውሮፓ ስሙን የማያውቅ የተማረ ሰው ያልነበረ ታላቅ ተጓዥና ሳይንቲስት። ሁምቦልት ልጁን ወስዶ ጌ ሉሳክ ከሚባለው ዝነኛ ኬሚስት ጋር አገናኘው፣ ጌ ሉሳክም ወደ ግል ላብራቶሪው አስገባው።

ጎን ለጎን ሆነው ሠሩ። አንድ ትንተና ሲሳካላቸው ጌ ሉሳክ ተማሪውን ይዞ በጠረጴዛው ዙሪያ ይጨፍር ነበር ይባላል። ሊቢግ በመጨረሻ ሲመኘው የኖረውን አገኘ፦ የሚችል ሰው አጠገብ ቆሞ፣ እጁን እያየ፣ ራሱም እየሞከረ መማር። ሆኖም ይሄ ዕድል የተገኘው በአጋጣሚ ነው። በዚያ ስብሰባ ላይ ሁምቦልት ባይመጣስ? የግል ላብራቶሪ የሚገባው ዕድል የቀናው አንድ ሰው ብቻ ነው። የሊቢግ የቀረው ሕይወት፣ እኔ እንደማየው፣ ይሄንን የአንድ ሰው ዕድል የብዙ ሰው ለማድረግ የተደረገ ትግል ነው።

ሳሙና ሠሪ አናሠለጥንም

በ1824 ሁምቦልት ለመስፍኑ ምክር ሰጠና ሊቢግ በሃያ አንድ ዓመቱ ጊሰን በምትባል ትንሽ ከተማ ፕሮፌሰር ተደርጎ ተሾመ። ዩኒቨርሲቲው አልተጠየቀም። ነባሮቹ መምህራን ይሄን ከላይ የወረደ ለጋ ልጅ በደስታ አልተቀበሉትም፣ ማንም ቢሆን አይቀበልም።

ሊቢግ ተማሪዎች በእጃቸው የሚሠሩበት ተቋም ይከፈት ብሎ ጥያቄ አቀረበ። የዩኒቨርሲቲው ምክር ቤት አልተቀበለውም። የዩኒቨርሲቲ ሥራ ለመንግሥት አገልጋዮችን ማፍራት ነው፤ መድኃኒት ቀማሚ፣ ሳሙና ሠሪና ቢራ ጠማቂ ማሠልጠን የእኛ ጉዳይ አይደለም የሚል ነበር ምክንያታቸው። ስለዚህ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ነገሩን በግል ጀመረው፣ ተማሪዎች እየከፈሉ። ቦታው ባዶ የቀረ የወታደሮች ካምፕ የጥበቃ ቤት ነበር። ጠባብ ነው፣ የጭስ መውጫው ደካማ ነው፣ ክረምት ሲሆን በሩ ከተዘጋ በመርዛማ ጭስ መታፈን ነው፣ ከተከፈተ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

አሁን የኢኮኖሚክስ ዓይኔን ላውጣና ልመልከተው። ላብራቶሪ ማለት ወጪ ነው፦ ከሰል፣ መስታወት፣ አሲድ፣ ሚዛን፣ ረዳት። መንግሥት የሚሰጠው አይበቃም። ሊቢግ ለዓመታት ጉድለቱን ከደመወዙ እየሸፈነ ቆየ። ጤናው ተቃወሰ። በ1833 ለሕክምና እረፍት ወጥቶ ባለበት ለባለሥልጣናቱ በጣም የተቆጣ ደብዳቤ ጻፈ። ወይ ላብራቶሪውን መንግሥት ይያዘው ወይ እኔ እሄዳለሁ ነው ነገሩ። ዛቻው ሠራ። ከዚያ በኋላ መንግሥት ለላብራቶሪው በጀት እየሰጠ መጣ፣ በ1839 ደግሞ የተስፋፋ አዲስ ላብራቶሪ ተሠራለት። ጭሱን የሚያወጣ መሳቢያ፣ የትንተና ክፍል፣ የሚዛን ክፍል፣ የንግግር አዳራሽ ያለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቆም ብለን እናስብ። የተመራማሪ ሥልጠና በአንድ ደግ ሰው ኪስ ላይ ከቆመ የሚቆየው ያ ሰው እስካልታመመ ድረስ ነው። ሊቢግ ይሄን በጤናው ከፍሎ ነው ያወቀው። አማካሪው ጎበዝ ቢሆን እንኳ ወንበር፣ መሣሪያና በጀት ካልተመደበ ጉብዝናው ለተማሪው አይደርስም።

አምስት ኳስ ያለው መስታወት

በ1831 ሊቢግ አንድ ቀላል መሣሪያ ሠራ። አምስት ኳሶች ያሉት፣ በሦስት ማዕዘን የታጠፈ የመስታወት ቱቦ ነው። ስሙ ካሊአፓራት ይባላል። ከዕፅዋት ወይም ከእንስሳ የተገኘ ንጥረ ነገር ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቱቦው ውስጥ ባለ የፖታሽ ፈሳሽ ይያዛል። ቱቦውን ከማቃጠሉ በፊትና በኋላ መመዘን ነው፤ ልዩነቱ በንጥረ ነገሩ ውስጥ ስንት ካርቦን እንዳለ ይነግራችኋል።

ከዚያ በፊት ይሄ ዓይነቱ ትንተና የሊቃውንት ሥራ ነበር። ከባድ፣ ቀርፋፋና በቀላሉ የሚበላሽ። ካሊአፓራት ግን ጥንቁቅ እጅ ያለው ተማሪ ሁሉ ሊሠራበት ይችላል። እኛ በኢኮኖሚክስ ቋንቋ የአንድ ትንተና ዋጋ ወረደ እንላለን። ዋጋው ሲወርድ ምርምር ከጥቂት ታላላቆች እጅ ወጥቶ ለሃያ ዓመት ወጣት ደረሰ። የአሜሪካ ኬሚስቶች ማኅበር ዓርማ ላይ እስከ ዛሬ ያቺ ባለ አምስት ኳስ መስታወት አለች፤ ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ነው፣ ፈልጋችሁ እዩዋት።

ጠዋት ጠዋት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ጊሰን የገባ ተማሪ ምን ያጋጥመዋል?

ጀማሪው በመሠረታዊ ትንተና ይጀምራል። ምን እንደያዙ ያልተነገረው ንጥረ ነገሮች ይሰጡታል፣ ምንነታቸውን ራሱ ለይቶ ማወቅ አለበት። እጁ ሲፈታ ከንጥረ ነገሮች አዳዲስ ውህዶችን ማዘጋጀት ይለማመዳል። ይሄን ያለፈ ደግሞ መልሱን ማንም የማያውቀው፣ ሊቢግም የማያውቀው፣ የራሱ የምርምር ጥያቄ ይሰጠዋል።

ከዚያ በኋላ ሊቢግ የሚያደርገው ነገር በጣም ቀላል ነው። በየጠዋቱ እያንዳንዱ ተማሪ ትናንት ምን እንደሠራ፣ ዛሬ ምን ሊሠራ እንዳሰበና ለምን እንዳሰበ ይነግረዋል። ሊቢግ ይስማማል ወይም ይተቻል። መንገዱን ግን አይመራለትም፤ መንገዱን የመፈለግ ግዴታው የተማሪው ነው። ይሄ ሁሉ የሚሆነው ሌሎቹ እየሰሙ ስለሆነ፣ አንዱ ከሌላው ጥያቄና ስህተት ይማራል። በክረምት ደግሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ በዘመኑ ዋና ዋና ጥያቄዎች ላይ ራሱ ሰፋ ያለ ገለጻ ያደርግላቸው ነበር።

ተማሪዎቹ ጎህ ሲቀድ ገብተው ሲጨልም ነው የሚወጡት። ጊሰን ደግሞ ሌላ መዝናኛ የሌላት ከተማ ናት። የላብራቶሪው ጠባቂ ብቻ ነበር የሚያማርረው፤ ማታ ማታ ሊያጸዳ ሲመጣ ተማሪዎቹ አልወጣ እያሉት።

በዚያ ላይ አንድ ሌላ ነገር ነበረ። ሊቢግ የሚያዘጋጀው የኬሚስትሪ መጽሔት ነበረው። ተማሪ ውጤት ሲያገኝ ብዙ ጊዜ በራሱ ስም እዚያ ይታተምለታል። የሠራው ሥራ በፕሮፌሰሩ ስም ሥር አይቀበርም።

እስቲ እነዚህን አንድ ላይ እንያቸው። ተማሪው የሚሠራበት ቦታና መሣሪያ አለው። ደረጃ በደረጃ የሚወጣበት መሰላል አለው። የራሱ ጥያቄ አለው። በየቀኑ የሚሰማው ሰው አለ። አብረውት የሚለፉ ጓደኞች አሉ። ድካሙ በስሙ ይወጣል። ከእነዚህ ውስጥ አንዳቸውም ተአምር አይደሉም። እዚሁ አገር ቴሲሳቸውን የሠሩ ጓደኞቼን ስጠይቅ ደግሞ የጎደላቸው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ዝርዝር ውስጥ ነው። አንዷ ጓደኛዬ አማካሪዋን በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው ያገኘችው፤ ሦስተኛው የዲፌንሷ ቀን ነበር። የዕውቀት ማነስ አልነበረባትም። በየጊዜው ምን ላይ ደረስሽ የሚላት ሰው ነው ያጣችው።

ከጥበቃ ቤቱ የወጡት

ሊቢግ ጊሰን ላይ በቆየባቸው 28 ዓመታት ኬሚስትሪና ፋርማሲ ከእሱ የተማሩት ከ700 በላይ ናቸው። ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይ፣ ከአሜሪካ፣ ከሩሲያ ሳይቀር ወደዚያች ትንሽ ከተማ ይጎርፉ ነበር።

ኬኩሌ የሚባለው ተማሪ ጊሰን የገባው አርክቴክቸር ሊማር ነው። የሊቢግን ትምህርት ሰማና ሐሳቡን ቀየረ፤ በኋላ የቤንዚንን የቀለበት ቅርጽ ለዓለም ያቀረበው እሱ ነው። በ1901 የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያገኘው ቫንት ሆፍ የኬኩሌ ተማሪ ነበር። ላብራቶሪ ውስጥ የምታውቁት ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ የሆነ ጠርሙስ ስሙን ያገኘው ከኤርለንማየር ነው፤ እሱም ሕክምና ሊማር መጥቶ የሊቢግ ትምህርት ወደ ኬሚስትሪ የወሰደው ነው። አሜሪካዊው ሆርስፎርድ አገሩ ተመልሶ በሃርቫርድ የጊሰንን የመሰለ ላብራቶሪ አቋቋመ፤ ኬክ ስትጋግሩ የምትጠቀሙበትን ቤኪንግ ፓውደር ካሻሻሉት ሰዎች አንዱም እሱ ነው።

ለእኔ ትልቁ ምሳሌ ግን ሆፍማን ነው። በ1845 ለንደን ላይ የሮያል ኬሚስትሪ ኮሌጅ ሲከፈት ኃላፊ ሆኖ የሄደው ይሄ የሊቢግ ተማሪ ነበር። የጊሰንን አሠራርም ይዞት ሄደ። በ1856 የሆፍማን ተማሪ የነበረው ፐርኪን፣ የ18 ዓመት ልጅ፣ ለወባ የሚሆን ኪኒን በኬሚካል ለመሥራት ሲሞክር ያልጠበቀውን ሐምራዊ ቀለም አገኘ። ሰው ሠራሽ የጨርቅ ቀለም ኢንዱስትሪ የተወለደው ከዚያ ነው። አስቡት፤ የጊሰን ምክር ቤት ከሳሙና ሠሪ ጋር የደመረው ሥልጠና በአንድ ትውልድ ውስጥ አዲስ ኢንዱስትሪ ወለደ። ለጥበቃ ቤቱ የወጣው የከሰልና የመስታወት ወጪ የት የት ደርሶ እንደተመለሰ ማንም ሒሳብ ሠርቶ አይጨርሰውም።

ተማሪው መምህሩን ሲረታ

ሊቢግ መልአክ አልነበረም። ቁጡ ነው፣ ሰውን በጽሑፍ ሲያጠቃ አይምርም፣ ከብዙ ባልደረቦቹ ጋር ተጣልቷል። ከኬሚስቱ ቨለር ጋር ግን በሳይንሳዊ ክርክር ተገናኝተው የዕድሜ ልክ ወዳጆች ሆኑ፤ ቨለር ጠበኛነቱን ለማብረድ ብዙ ደክሟል።

በ1840 ሊቢግ ስለ ኬሚስትሪና ስለ እርሻ ዝነኛ መጽሐፍ አሳተመ፣ መታሰቢያነቱንም ለዚያ ለፓሪሱ ባለውለታው ለሁምቦልት ሰጠ። ዕፅዋት ከአፈር ማዕድናትን ወስደው ነው የሚያድጉት፤ የተወሰደውን ካልመለስን አፈሩ ይደኸያል አለ። የመነሻውን ሐሳብ ሌሎችም ተናግረውት ነበር፤ ለዓለም ያሰማው ግን እሱ ነው። በ1816 ረሃብ ያየ ልጅ ነው ይሄን የጻፈው። እስከዚህ ልክ ነበር። ናይትሮጂን ላይ ግን ተሳሳተ። ማዕድናቱ ከተሟሉ ተክሉ የሚያስፈልገውን ናይትሮጂን ከአየር ያገኛል፣ መጨመር አያስፈልግም ብሎ ያዘ። በ1845 ደግሞ በእሱ ሐሳብ የተሠራ ማዳበሪያ እንግሊዝ ውስጥ ለገበያ ቀረበ። ዝናብ እንዳያጥበው ተብሎ የማይሟሟ ተደርጎ ስለተሠራ ለተክሉ አልደረሰም። ማዳበሪያው ከሸፈ።

ሮትሃምስተድ በሚባል የእንግሊዝ እርሻ ላይ ሁለት ሰዎች ከ1843 ጀምሮ ስንዴን በተለያየ ማዳበሪያ እየዘሩ፣ ምርቱን በየዓመቱ እየመዘኑ ይመዘግቡ ነበር። አንዱ ሎስ የተባለ የመሬቱ ባለቤት ነው። ሁለተኛው ጊልበርት ነው። ጊልበርት ዶክትሬቱን የት እንዳገኘ ገምቱ። ጊሰን፣ በ1840፣ ከሊቢግ ሥር።

ጊልበርት መዘነ፣ ጻፈ፣ ደግሞ መዘነ። ውጤቱም ግልጽ ሆነ፦ ናይትሮጂን ሲጨመር የስንዴው ምርት በጣም ይጨምራል፣ ማዕድን ብቻ አይበቃም። መምህሩ ተቆጣ። ለዓመታት በጽሑፍ ተከራከረ። ማዳበሪያውን የማይሟሟ ማድረጉ ስህተት እንደነበር በኋላ ያመነው ሊቢግ፣ ለሮትሃምስተድ ሰዎች ግን በቀላሉ አልተረታም። የመስኩ ውጤት ግን ጊልበርት ያለውን ነበር የሚናገረው። ያ የስንዴ ማሳ ሙከራ እስከ ዛሬም አልተቋረጠም።

ይሄ ክርክር ከእኛ አይርቅም። የአገራችን ገበሬ በየክረምቱ የሚጠብቀው ዩሪያ ናይትሮጂን ነው። ማዳበሪያው ዘገየ ሲባል አገር የሚጨነቀው ጊልበርት ልክ ስለነበረ ነው።

ታሪኩን ሳነብ ያስቆመኝ እዚህ ላይ ነው። ሊቢግ ለተማሪዎቹ በየጠዋቱ ለምን እንዲህ አሰብክ የሚል ሰው ሆኖላቸዋል፤ ለእሱ ግን ዝናው ከገነነ በኋላ በየጠዋቱ እንዲህ የሚጠይቀው ሰው አልነበረውም። በመጨረሻ የጠየቀው የራሱ ተማሪ ነው፣ እሱ ባስተማረው መሣሪያ፦ በሚዛንና በትዕግሥት። ሊቢግ እንደ ሽንፈት ቆጥሮት ይሆናል። ለእኔ ግን የጊሰን ሥልጠና እንደሠራ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። መምህሩ ያለውን የሚደግም ተማሪ ማፍራትማ ቀላል ነው። መምህሩ ሲሳሳት መዝኖ የሚያሳይ ተማሪ ነው ተመራማሪ የሚባለው።

መጨረሻው

በ1852 የባቫሪያ ንጉሥ ወደ ሙኒክ ጠራው። ሊቢግ ሲሄድ ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ ይገርማል፦ ተማሪዎችን በላብራቶሪ የማሠልጠን ግዴታ አይኑርብኝ አለ። ደክሞት ነበር። ያን ሁሉ ዓመት በየጠዋቱ መጠየቅ ሰውን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ንግግር እየሰጠና እየጻፈ ኖረ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1873 ሙኒክ ውስጥ አረፈ። ጊሰንም እሱ ከሄደ በኋላ የቀድሞ ድምቀቷን አላገኘችም።

ጉድለቱም ይነገር። ከእነዚያ ተማሪዎች መካከል ሴት አልነበረችም፤ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች በዚያ ዘመን ሴት አይቀበሉም ነበር። የሚከፍለው የሌለውም ወጣት በቀላሉ አይገባም። ራሱ ሊቢግ ያለ መስፍኑ ገንዘብ ፓሪስን ባላየ ነበር።

ቢሆንም አሠራሩ ከሰውየው በላይ ኖረ። ሆፍማን ለንደን ወሰደው፣ ሆርስፎርድ አሜሪካ፣ ኬኩሌ ደግሞ ለቫንት ሆፍ አወረሰው። የጥበቃ ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው፣ ሳሙና ሠሪ አናሠለጥንም ያለው ዩኒቨርሲቲም ዛሬ የሚጠራው በሊቢግ ስም ነው።

በአገራችን ባለፉት ሃያ ዓመታት ዩኒቨርሲቲዎች በዙ፣ የድህረ ምረቃ ፕሮግራሞችም አብረው በዙ። ጥሩ ነው። ግን ፕሮግራም መክፈትና ተመራማሪ ማሠልጠን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ የትምህርት ክፍል ለተማሪዎቹ ቋሚ የሳምንት ቀን ቢመድብ፣ እያንዳንዱ በጓደኞቹ ፊት ምን እንደሠራና ቀጥሎ ምን እንደሚሠራ ለአሥር ደቂቃ ቢናገር፣ የሚጠይቀው አዲስ ሕንፃ አይደለም። አማካሪው ለሚያማክርበት ሰዓት እንደሚያስተምርበት ሰዓት ቢታሰብለት ደግሞ እንደ ሊቢግ በራሱ ጤና አይከፍልም።

እስከዚያው ቴሲስ ላይ ያላችሁ፣ ሦስት አራት ሆናችሁ የራሳችሁን ጠዋት ጀምሩ። ካፌም ይሁን ቴሌግራም ላይ፣ በየሳምንቱ ተጠያየቁ፦ ምን ሠራህ፣ ቀጥሎ ምን ልትሠሪ ነው፣ ለምን? ጊሰን ላይ ተማሪዎቹ የተማሩት ከሊቢግ ብቻ ሳይሆን አንዱ ከሌላው ነው። አማካሪያችሁ ኢሜይላችሁን እስኪከፍት ድረስ ምዕራፍ ሦስት ቆሞ አይጠብቅም።